የመድኃኒት ተክል ጭምቅን ደህንነት ለመፈተሽ የትኛው የእንስሳት ሙከራ ይሻላል?

ስለ ባህል መድኃኒት በሚጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይኖራል፦ «ጭምቁ በኪሎ ግራም ክብደት እስከ 2000 ሚሊ ግራም ተሰጥቶ ሞት ስላላስከተለ ደህንነቱ የተረጋገጠ ነው»። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው አይወጣም። የተረጋገጠው አምስት አይጦች አንድ ቀን አንድ ጊዜ ጠጥተው እስከ 14ኛው ቀን በሕይወት መቆየታቸው ብቻ ነው። ያንኑ ተክል ለስኳር ሕመም ብሎ በየማለዳው ለዓመታት የሚጠጣ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው።

ይህ መመሪያ የሚጠቅመው የጥናት ዕቅድ ጽፎ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ሊያቀርብ የተዘጋጀ ተማሪን ወይም ጀማሪ ተመራማሪን ነው። ጭምቅ ስንል ቅጠሉ፣ ሥሩ ወይም ፍሬው ደርቆና ተፈጭቶ፣ በውኃ ወይም ሜታኖል በተባለው የአልኮል ዓይነት ተዘፍዝፎና ተጣርቶ፣ ፈሳሹ ሲተን የሚቀረውን ደረቅ ወይም ሙጫ መሰል ነገር ነው።

ከሙከራው በፊት፦ ሰው የሚወስደው ምንድን ነው?

የሙከራው ዓይነት ከመመረጡ በፊት የተክሉ አጠቃቀም በዝርዝር መታወቅ አለበት። የትኛው ክፍሉ ይወሰዳል? በምን ተበጥብጦ? ለስንት ጊዜ? የሚወስደውስ ማን ነው?

ሦስት የምናውቃቸውን ተክሎች እንውሰድ። ኮሶ አበባው ደርቆና ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ፣ በባዶ ሆድ አንድ ጊዜ ይጠጣል፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው ለወራት አያስበውም። ዳማ ከሴ ምች ሲመታ ቅጠሉ ታሽቶ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ይጠጣል፣ ይሸተታል፣ ገላም ይታሽበታል። ሽፈራው ደግሞ ኮንሶና ጋሞ ውስጥ የዕለት ጎመን ነው፤ ሌላው አገር ደርሶ ዱቄት ሆኖ ሲሸጥ ለደም ግፊትና ለስኳር ተብሎ በየቀኑ ይወሰዳል። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ሙከራ ማድረግ ጊዜንም እንስሳትንም ማባከን ነው።

ጭምቁ በምን ይውጣ የሚለውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ቤተ ሙከራዎች 80 በመቶ ሜታኖል ይወዳሉ፤ ብዙ ዓይነት ንጥረ ነገር ያወጣል፣ ቶሎ ይተናል፣ ሻጋታም አያስቸግርም። በየቤቱ ግን ማንም በሜታኖል አይዘፈዝፍም። የጥናቱ ዓላማ አዲስ መድኃኒት መፈለግ ከሆነ የፈውስ ኃይሉ የተለካበት ጭምቅ ራሱ ለደህንነት ይፈተሽ፤ በሜታኖል ጭምቅ ፈውስን አሳይቶ በውኃ ጭምቅ ደህንነትን ማሳየት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ማጣበቅ ነው። ዓላማው ሕዝቡ የሚጠጣውን መመርመር ከሆነ ግን በውኃ የተፈላው ወይም የተዘፈዘፈው ይመረጥ። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ እኔ ወደ ውኃው አደላለሁ።

የተክሉ ማንነት በብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም በደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ማኅደር፣ ተለይቶ የናሙና ቁጥር መያዙን ብዙዎች እንደ ቢሮ ሥርዓት ያዩታል። በቤልጂየም ብራስልስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ክብደት መቀነሻ የወሰዱ መቶ ገደማ ሴቶች ኩላሊታቸው የተጎዳው ስቴፋኒያ የተባለው የቻይና ተክል በአሪስቶሎኪያ ስለተተካ ነበር። ስሙ ተመሳሳይ፣ ተክሉ ሌላ። የትኛውም የእንስሳት ሙከራ የተሳሳተ ተክልን አያቃናም።

የአንድ ጊዜ ዶዝ፦ ከአራቱ መንገዶች የትኛው?

እንግሊዛዊው ትሬቫን እ.ኤ.አ. በ1927 ግማሹን እንስሳት የሚገድለውን መጠን የመለካት ሐሳብ ያቀረበው ለዲጂታሊስና ለኢንሱሊን ዓይነት ዝግጅቶች ኃይል መለኪያ እንዲሆን ነበር። በኋላ ዘዴው የመርዛማነት ሁሉ መመዘኛ ሆነና ለአንድ ቁጥር ሲባል እጅግ ብዙ እንስሳት አለቁ። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኦ.ኢ.ሲ.ዲ. ተብሎ የሚታወቀው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ይህን አሮጌ ዘዴ የያዘውን መመሪያ 401 እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ሰርዞታል። ስለዚህ ዛሬ በየዶዙ አሥር አሥር አይጥ ደልድሎ ግማሽ ገዳይ መጠን ሊያሰላ የሚነሳ ዕቅድ ኮሚቴው ፊት መውደቅ አለበት፤ ባይወድቅ እንኳ ጽሑፉን የሚያወጣለት መጽሔት ይቸግረዋል።

በቦታው የተተኩት ሦስት መመሪያዎች ናቸው፦ 420፣ 423 እና 425። አራተኛው ሎርኬ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው ዘዴ ነው፤ የድርጅቱ መመሪያ ባይሆንም አፍሪካ ውስጥ በሰፊው ይሠራበታል።

በአገራችን ጽሑፎች አብዝቶ የሚጠቀሰው 425 ነው፤ ሲጠቀስም በአብዛኛው የሚሠራው የጣሪያ ሙከራው ብቻ ነው። አንዲት አይጥ 2000 ሚሊ ግራም በኪሎ ትወስዳለች፤ ከተረፈች አራት ሌሎች ይጨመራሉ። ከአምስቱ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ከተረፉ ግማሽ ገዳይ መጠኑ ከ2000 በላይ ነው ይባላል። ወጪው ትንሽ ነው፤ እያንዳንዷ 30 ግራም የምትመዝን ከሆነ ለአምስቱም የሚያስፈልገው ደረቅ ጭምቅ 0.3 ግራም ብቻ ነው። ተወዳጅ ያደረገውም ይኸው ነው። እዚህ ላይ አንድ ልማድ ልንቀፍ፦ መመሪያው አራቱ በየተራ ይሰጣቸው እያለ፣ ጊዜ ለመቆጠብ አራቱንም በአንድ ጠዋት ሰጥቶ «በ425 መሠረት» ብሎ መጻፍ ተለምዷል። የተደረገውን መጻፍ ይሻላል።

ጭምቁ ገዳይ ሆኖ ሲገኝ የ425 ዋናው ሙከራ ይመጣል። ስለ ተክሉ ምንም ካልታወቀ ከ175 ይጀመራል፤ እንስሷ ከሞተች ቀጣይዋ 55 ታገኛለች፣ ከተረፈች 550፤ እንዲህ እየወጣና እየወረደ በየ48 ሰዓቱ አንድ እንስሳ ይሄዳል። ማቆሚያውን የሚወስነው ለዚሁ የተዘጋጀ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ከሦስቱ መመሪያዎች ግማሽ ገዳይ መጠንን ከነግምት ክልሉ በቁጥር የሚሰጥ ይህ ብቻ ነው። ድክመቱ ደግሞ ሞት ቶሎ በሚመጣበት ነገር ላይ እንጂ በዘገየ ሞት ላይ አለመሥራቱ ነው። ጉበትን ቀስ ብሎ የሚበላ ተክል እንስሳውን በስድስተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን ሊገድል ይችላል፤ እስከዚያ ድረስ ግን «ተርፋለች» ተብሎ ለሦስት ሌሎች እንስሳት ከፍ ያለ ዶዝ ተሰጥቶ ይሆናል። ሞት አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ሊዘገይ ይችላል ብለው ከጠረጠሩ 425ን ይተዉት።

423 ሦስት ሦስት እንስሳት ይዞ በ5፣ በ50፣ በ300 እና በ2000 ደረጃዎች ላይ ይንቀሳቀሳል። ከሦስቱ ሁለት ወይም ሦስት ከሞቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ አንድም ካልሞተ ወይም አንድ ብቻ ከሞተ ያንኑ ዶዝ ይደግማል ወይም ወደ ላይ ይወጣል። ቁጥር ሳይሆን ምድብ ይሰጣል፤ ከ300 በላይ ከ2000 በታች እንደማለት። ለተክል ጭምቅ ከዚህ የበለጠ ትክክለኛነት ምን ይሠራል? የአንዱ ክረምት ቅጠልና የሌላው ክረምት ቅጠል እኩል አይደሉም፤ በቆላ የበቀለውና በደጋ የበቀለው እኩል አይደሉም። በዚህ ላይ 1,340 ወይም 1,385 ብሎ መጻፍ ለዓይን ያምራል እንጂ ትርጉም የለውም። ፕሮግራም አያስፈልገውም፣ የዘገየ ሞትን ጠብቆ መቀጠል ይቻላል፣ ሞት ሊኖር እንደሚችል ሲጠረጠርም አስተማማኝ ነው።

420 ከሁሉም ሰብዓዊው ነው፤ ሞትን አይጠብቅም። በአንዳንድ እንስሳ ቅኝት ይጀምርና፣ ግልጽ የመመረዝ ምልክት የሚያሳየውን ዶዝ ሲያገኝ በአምስት እንስሳት ያጸናዋል። መንገዳገድ፣ ትንፋሽ መክበድ፣ ዓይን በከፊል መከደን፣ ጸጉር መቆም የሚታዩት ምልክቶች ናቸው። ችግሩ ተመልካቹ ነው። እነዚህን ምልክቶች ለመለየት ጤነኛ አይጥ እንዴት እንደምትራመድ፣ ስትያዝ እንዴት እንደምትታገል በእጅ የለመደ ሰው ያስፈልጋል። ብዙ ዓመት የሠራ የእንስሳት ቤት ባለሙያ አጠገብዎ ካለ 420ን ይምረጡ፤ ከሌለ አንድ ጀማሪ ተማሪ ብቻውን እንዲፈርድ አይተዉት።

ሎርኬ በ10፣ በ100 እና በ1000 ሦስት ሦስት እንስሳት ይፈትሻል፤ ሞት ካልታየ በ1600፣ በ2900 እና በ5000 አንድ አንድ ይጨምራል። ከፍተኛው ያልገደለ ዶዝና ዝቅተኛው የገደለ ዶዝ ተባዝተው ካሬ ሥራቸው ይወሰዳል፤ 2900 ሳይገድል 5000 ከገደለ ውጤቱ 3808 ገደማ ይሆናል። ፈጣን ነው፣ ርካሽም ነው። ግን ሁለተኛው ምዕራፍ በየዶዙ በአንዲት ነፍስ ላይ የቆመ ነው፤ ያቺ አይጥ የሞተችው በጭምቁ ይሁን ሲሰጣት ፈሳሹ ወደ ሳንባዋ ገብቶ ይሁን ካልተለየ ቁጥሩ ባዶ ነው። በተጨማሪም ከ2000 አልፎ 5000 ድረስ መሄድ ልዩ ምክንያት ካልተሰጠበት በቀር ዛሬ አይደገፍም። ሎርኬን ለመጀመሪያ ቅኝት እንጂ ለጽሑፍ መደምደሚያ አልመርጠውም።

በአጭሩ፣ ተክሉ ለረጅም ዘመን ሲበላ የኖረና መርዝነቱ የማይጠረጠር ከሆነ የ425 የጣሪያ ሙከራ፤ መርዝነቱ የሚጠረጠር ወይም ጉዳቱ የሚዘገይ ከሆነ 423፤ የሠለጠነ ዓይን ካለ 420።

ትንሿ አይጥ ወይስ አይጠ መጎጥ?

አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ጅማ ያለ ተማሪ በቀላሉ የሚያገኘው የስዊስ ዝርያ ነጭ አይጥ ነው። መመሪያዎቹ በቅድሚያ የሚሉት ደግሞ አይጠ መጎጥን ነው። ለአንድ ጊዜ ዶዝ አይጥ ብትመረጥ የሚከፋ ነገር የለም፤ ምክንያቱን መጻፍ ብቻ ነው። ሴቶቹ ይመረጣሉ፤ ያልወለዱና ያላረገዙ፣ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ዕድሜ ያላቸው፤ ልዩነት ሲታይ ብዙውን ጊዜ ሴቶቹ ትንሽ ይበልጥ ስለሚጎዱ።

ተመሳሳይ ቁጥር በሁለቱ ላይ ተመሳሳይ ትርጉም እንደሌለው ግን ልብ ይበሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መመሪያ በሰውነት ገጽ ስፋት ሲሰላ የአይጥ ዶዝ ለ12.3፣ የአይጠ መጎጥ ዶዝ ለ6.2 ተካፍሎ ወደ ሰው ይለወጣል። በአይጥ ላይ 2000 ማለት 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 9.8 ግራም ገደማ ደረቅ ጭምቅ ነው፤ በአይጠ መጎጥ ላይ ያው 2000 ወደ 19.4 ግራም ይሆናል። በዚያ ላይ ለጥንቃቄ ቢያንስ ለአሥር ይካፈላል። ስለዚህ በአይጥ ላይ 2000 የተቋቋመ ጭምቅ ለሰው የሚኖረው የመነሻ ጣሪያ ወደ አንድ ግራም ይወርዳል። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ቅጠል መቶ ግራም ጭምቅ የሚወጣ ከሆነ፣ አንድ ግራም ጭምቅ ማለት አሥር ግራም ደረቅ ቅጠል ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ቀን አፍልቶ ሊጠጣው የሚችለው መጠን። በሚጠጣውና በሚጎዳው መጠን መካከል ሰፊ ርቀት አለ ብለን የተዝናናንበት ስሌቱ ሲሠራ እንዲህ ይጠባል።

ለተደጋጋሚ ዶዝ ግን አይጠ መጎጥን ይምረጡ። ደሙ ይበቃል፤ ከአንዲት አይጥ የሚወጣው ደም ለደም ሕዋስ ቆጠራም ለጉበትና ለኩላሊት ኬሚስትሪም ላይበቃ ይችላል።

በአፍ ወይስ በመርፌ?

ሰው በአፉ የሚወስደው በአፍ ይፈተሽ። ነገሩ ግልጽ ይመስላል፣ ግን ሆድ ዕቃ ውስጥ በመርፌ መስጠት ስለሚቀልና ውጤቱም ቶሎ ስለሚታይ ብዙዎች ወደዚያ ያዘነብላሉ። እንዶድን ያህል ሳፖኒን (እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣው ንጥረ ነገር) የበዛበት ተክል ደም ውስጥ በቀጥታ ሲገባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል፤ በአንጀት በኩል ግን የሚያልፈው ጥቂት ነው። በመርፌ የተገኘው ቁጥር እንግዲህ ስለሚጠጣው ሰው አይናገርም።

በአፍ መስጠት የራሱ ጣጣ አለው፤ ጣጣውም በ2000 ላይ ይብሳል። 25 ግራም ለምትመዝን አይጥ 2000 ማለት 50 ሚሊ ግራም ነው። ለእሷ የተለመደው የፈሳሽ ጣሪያ በ100 ግራም አንድ ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 0.25 ሚሊ ሊትር ነው። በዚያች ጠብታ ውስጥ 50 ሚሊ ግራም ሲበጠበጥ እንደ አጥሚት ይወፍራል፤ ጫፉ በተድበለበለው የመመገቢያ መርፌ አያልፍም፣ ቢያልፍም ግማሹ ሲሪንጁ ላይ ይቀራል። በውኃ የሚሟሟ ከሆነ መመሪያዎቹ በ100 ግራም እስከ ሁለት ሚሊ ሊትር ይፈቅዳሉ፤ ያ ይረዳል። ካልሆነ በመጠኑ ቀጠን ያለ 2 በመቶ ትዊን 80 ወይም ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ የተባሉትን መበጥበጫዎች ይጠቀማሉ፤ ማነጻጸሪያው ቡድንም ያንኑ ያለ ጭምቅ ይሰጠዋል። ዶዝ ከመሰጠቱ በፊት አይጥ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ምግብ ይከለከላል፣ አይጠ መጎጥ ደግሞ ሳይበላ ያድራል፤ ውኃ ግን አይከለከልም።

ዶዝ በተሰጠ በደቂቃዎች ውስጥ አፍንጫዋ ላይ አረፋ ታይቶ የሞተች አይጥ ብዙ ጊዜ የሞተችው ሰው ባደረገው ስህተት ነው፤ ፈሳሹ በአየር ቧንቧ ገብቷል። ደረቷ ተከፍቶ ሳንባዋ ይታይ። ሳይከፈት «በ2000 አንድ ሞት» ተብሎ የተመዘገበ ውጤት ተክሉን ያለ በደሉ ይከስሳል።

14 ቀን፣ 28 ቀን ወይስ 90 ቀን?

ገንዘብና ጊዜ የሚበላው ምርጫ ይህ ነው፤ በጣም የሚታለፈውም ይኸው።

ትግራይ ውስጥ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ጸዓዳ እምባ በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ሰው ሆዱ እያበጠ፣ ጉበቱ እየደከመ ይሞት ጀመር። ለዓመታት ስሙ እንኳ «ያልታወቀ የጉበት በሽታ» ነበር። ምርመራው በመጨረሻ ያመለከተው ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባሉትን የዕፅዋት መርዞች ነው፤ ከእህሉ ጋር በሚበቅል አረም አማካይነት ወደ ምግብ የገቡ። እነዚህ መርዞች በትንሽ በትንሹ እየተወሰዱ፣ የጉበት ጥቃቅን የደም ሥሮችን እየዘጉ፣ ከወራት በኋላ ይገድላሉ። ያንን የእህል ዱቄት ወስደን ለአምስት አይጦች በአንድ ጠዋት ብንሰጥ በ14ኛው ቀን አምስቱም ቤታቸው ውስጥ ሲሯሯጡ እናገኛቸው ነበር ብል አልተጋነነም።

ስለዚህ ሕግ አድርገው ይያዙት፦ ሰው ተክሉን ከሳምንት በላይ በተከታታይ የሚወስደው ከሆነ የ14 ቀኑ ሙከራ መግቢያ እንጂ መልስ አይደለም።

መመሪያ 407 የ28 ቀኑን ይገዛል። ማነጻጸሪያና ቢያንስ ሦስት ዶዞች፣ በየቡድኑ አምስት ወንድና አምስት ሴት። ዶዞቹ በሁለት እስከ አራት እጥፍ ይራራቁ፤ ለምሳሌ 250፣ 500 እና 1000። 1000 ላይ ምንም ካልታየ ከዚያ በላይ መውጣት አያስፈልግም። ጉዳቱ የሚመለስ ይሁን የማይመለስ ለማወቅ በማነጻጸሪያውና በከፍተኛው ዶዝ አሥር አሥር እንስሳት ተጨምረው ዶዙ ከቆመ በኋላ ለ14 ቀናት ይቆያሉ። ይህ የማገገሚያ ቡድን በጀት ሲጠብ ቀድሞ የሚሰረዝ ነው፤ እኔ ግን መካከለኛውን ዶዝ እንኳ ብሰርዝ እርሱን አልሰርዘውም እላለሁ፤ የጉበት ጉዳት ጠቋሚ የሆነው ኤ.ኤል.ቲ. በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ሲገኝ ወደ ቦታው ይመለስ ወይ የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይነሳልና። እርግጥ ዶዙ ከሦስት ካነሰ «በ407 መሠረት» ማለት እንደማይቻል ይታወቅ።

መመሪያ 408 የ90 ቀኑ ነው። በየቡድኑ አሥር ወንድና አሥር ሴት ይላል። ከእንስሳቱ ቁጥር በላይ ተማሪን የሚያስደነግጠው ግን የጭምቁ ብዛት ነው። ስሌቱን እንሥራው። ለ28 ቀን፣ አማካይ ክብደታቸው 200 ግራም የሆኑ አይጠ መጎጦች በ1000፣ በ500 እና በ250 ዶዝ የሚፈጁት 56፣ 28 እና 14፣ በድምሩ 98 ግራም ነው፤ ማገገሚያው ሲጨመር 154 ግራም። ከደረቅ ቅጠሉ አሥር በመቶ የሚወጣ ከሆነ አንድ ኪሎ ተኩል ደረቅ ቅጠል ይበቃል፤ ለሚፈሰውና ለሚበላሸው ሁለት ኪሎ ይያዝ። ለ90 ቀን፣ አማካይ ክብደቱ 250 ግራም ሆኖ በየቡድኑ 20 ሲሆን 450፣ 225 እና 112.5 ይመጣል፤ ወደ 790 ግራም ጭምቅ፣ ማለትም ስምንት ኪሎ ደረቅ ቅጠል። ይህ ሁሉ ደግሞ በአንድ ወቅት፣ ከአንድ ቦታ ተለቅሞ፣ አንድ ላይ መዘጋጀት አለበት። በግንቦት የተለቀመውን በመስከረም ከተለቀመው ጋር ማደባለቅ ሙከራውን ያበላሻል።

90 ቀኑ ከ28 ቀኑ የሚለየው በርዝመት ብቻ አይደለም። 408 የዓይን ምርመራ ይጠይቃል፤ ቢያንስ በማነጻጸሪያውና በከፍተኛው ዶዝ፣ ከመጀመሩ በፊትና ሲያልቅ። ይህ ለእኛ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ የዓይን ብርሃን እንደሚጎዳ ከባሕሉም ከሕክምና ጽሑፎችም ይታወቃል። የታወረች አይጥ ግን ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትወፍራለች፤ በ14ኛው ቀን መዝገብ ላይ «ጤነኛ» ናት። ማንም ዓይኗን ካላየ።

የትኛውም ርዝመት ቢመረጥ ሥራው በደም ብቻ አያልቅም። ደም ሲቀዳ በችኮላ ከተሳበ ቀይ ሕዋሳቱ ይፈርሱና ኤ.ኤስ.ቲ. የተባለው ኤንዛይምና ፖታሲየም በሐሰት ይንራሉ፤ ሮዝ መልክ ያለው ሴረም (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ) መጣል አለበት። ጉበት፣ ኩላሊት፣ ልብ፣ ጣፊያ ይመዘኑ፤ ከሰውነት ክብደት ጋር ተነጻጽረው ይጻፉ። የሕብረ ሕዋስ ስላይዱን የሚያነበው ሐኪም የትኛው ከየትኛው ቡድን እንደመጣ ሳያውቅ ያንብብ። የጉበት ሕዋስ ትንሽ ማበጥ ማነጻጸሪያዎቹም ላይ ይታያል፤ መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ዓይን የሚፈልገውን አያጣም።

ያለ እንስሳት የሚሠሩት

ረስልና በርች እ.ኤ.አ. በ1959 ያስቀመጡት መተካት፣ መቀነስ፣ ማሻሻል የሚል መርህ በየኮሚቴው ቅጽ ላይ አለ። የጨው ውኃ ሽሪምፕ ሙከራ ርካሽ ነው፤ አሥር ጭምቅ ካለ ወደ እንስሳ የሚሄዱትን ለመምረጥ ይረዳል፣ ከዚያ በላይ አይተረጎምም። በባክቴሪያ የሚሠራው የኤምስ ሙከራ የዘር ለውጥን ይጠቁማል፤ በተክል ጭምቅ ላይ ግን ሁለት ወጥመድ አለው። ጭምቁ ውስጥ የሚገኝ ሂስቲዲን (ባክቴሪያው ለማደግ የሚያስፈልገው አሚኖ አሲድ) ባክቴሪያውን መግቦ ሐሰተኛ ዕድገት ያሳያል፤ በሽንኩርትም የሚገኘው ኬርሴቲን ራሱ በዚህ ሙከራ አዎንታዊ ይወጣል። ስለዚህ አዎንታዊ ውጤት በአይጥ መቅኔ ላይ በሚሠራው በመመሪያ 474 ይታይ።

ለሦስቱ ተክሎችና ለአንድ አራተኛ

ዳማ ከሴ፦ የውኃ ጭምቅ፣ በአይጥ፣ የ425 የጣሪያ ሙከራ። አቅም ካለ የ28 ቀን ይጨመር እንጂ 90 ቀን ለሁለት ቀን መጠጥ አይገባም።

ኮሶ፦ ዱቄቱ በውኃ ተበጥብጦ፣ በአይጠ መጎጥ፣ 423 ወይም ባለሙያ ካለ 420። ዶዙ አንድ ጊዜ ቢሆንም በ14ኛው ቀን ዓይንና የዓይን ነርቭ ተወስደው በሕብረ ሕዋስ ይታዩ፤ መመሪያው ባይጠይቅም። ነጭ አይጠ መጎጥ በብርሃን ብቻ ሬቲናው ሊጎዳ ስለሚችል ማነጻጸሪያው ቡድን በአንድ መደርደሪያ ላይ፣ ለመብራቱ በእኩል ርቀት ይቀመጥ።

ሽፈራው፦ የአንድ ጊዜውን ፈጥኖ አልፎ፣ ገንዘቡን በሙሉ 90 ቀኑ ላይ ማዋል። ተጠቃሚው ብዙውን ጊዜ የስኳርና የግፊት ክኒን አብሮ ስለሚወስድ አንድ ቡድን ጭምቁን ከስኳር መድኃኒቱ ከሜትፎርሚን ጋር ቢወስድ ከማንኛውም ተጨማሪ ዶዝ የበለጠ ይጠቅማል።

አራተኛው ጤና አዳም ነው። በቡና ላይ የሚጣለው ቅጠል የ2000 ፈተናን ቢያልፍ የሚደነቅ የለም፤ ነፍሰ ጡር ብዙ አትውሰደው የሚለው የእናቶች ምክር ግን በየትኛውም የ28 ቀን ሙከራ አይፈተሽም፤ እዚያ የሚገቡት ያላረገዙ ናቸው። መልሱ ያለው በመመሪያ 414 ነው፤ ያረገዙ አይጠ መጎጦች፣ በየቡድኑ ሃያ ገደማ፣ ጽንሱ ከተተከለ ጀምሮ ሊወለድ አንድ ቀን እስኪቀረው ድረስ ዶዝ ወስደው፣ የጽንሱ አጥንትና አካል ተቆጥሮ የሚታይበት። ውድ ነው፣ የሠለጠነ እጅም ይፈልጋል። ይህን ማድረግ የማይችል ጥናት በርዕሱ ላይ «ደህንነት» ከማለት «በአንድ ጊዜ ዶዝ የታየ አጣዳፊ መርዛማነት» ብሎ ይጻፍ፤ በውይይቱም ውስጥ ነፍሰ ጡር እናቶችን በተመለከተ ምንም እንዳልተፈተሸ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስፍር።